ካሳ የማይታሰብለት መፈናቀል

ደብረ ብርሃን ዙሪያ ያለ ገበሬ ማሳው ለፋብሪካ ሲፈለግ ሒሳቡ በሕግ የታወቀ ነው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1161 ይዞታውን ለዘለቄታው ለሚለቅና ምትክ መሬት ላልተሰጠው ገበሬ፣ ካለፉት 3 ዓመታት ከፍተኛውን ያገኘበት ዓመት ገቢ በ15 ተባዝቶ እንዲከፈለው ያዝዛል። በአፈጻጸሙ ላይ ብዙ እሮሮ ይሰማል፤ ቢያንስ ግን የሚሟገትበት ቁጥር በእጁ አለ።

እዚያው ከተማ፣ በቻይና ካምፕና በወይንሸት መጠለያ ለዓመታት የከረሙት የወለጋ ተፈናቃዮች ይህ ቁጥር የላቸውም። ከመካከላቸው በ1977ቱ ድርቅ ደርግ ከወሎ ወስዶ ያሰፈራቸው ሰዎች ልጆችና የልጅ ልጆች አሉ። ተወልደው ባደጉበት ቀዬ በብሔራቸው «መጤ» ተብለው ጥማድ በሬያቸውን፣ የቆርቆሮ ቤታቸውንና በጎተራ ያለ በቆሏቸውን ጥለው ሸሹ።

ከሁሉም የከፋው ኪሳራ መሬቱ ነው። የከተማ ነዋሪ ስጋት ሲገባው ቤቱን በርካሽም ቢሆን ሸጦ መውጣት ይችላል። ገበሬው ግን አይችልም፤ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬት አይሸጥም አይለወጥም ይላል። ያው አንቀጽ ለገበሬው ከመሬቱ ያለመነቀል ዋስትና ሲሰጥ ብሔሩን አይጠይቅም። እንግዲህ መንግሥት ሽያጩን የከለከለው ዋስ ሆኖ ነው። ዋስትናው ሲፈርስ ዕዳው የማን እንደሚሆን ለእኔ ግልጽ ነው።

ባለ ይዞታ የነበረው አባወራ ዛሬ በደብረ ብርሃን ውርጭ በማለዳ ወጥቶ የቀን ሥራ ይጠብቃል፤ ሚስቱ ሰው ቤት ልብስ ታጥባለች። ቋሚ ሥራ ሲገኝ መታወቂያና ተያዥ ይጠየቃል፤ አገሩን ጥሎ ለመጣ ሰው ማን ተያዥ ይሆናል? የዕርዳታ ስንዴ ወር ቢያደርስ እንኳ በሬ አይገዛም።

ኢትዮጵያ በ2012 ዓ.ም. ያጸደቀችው የአፍሪካ ኅብረት የካምፓላ ስምምነት በአንቀጽ 12 ለተፈናቃዮች ፍትሐዊ ካሳ የሚሰጥበት የሕግ ማዕቀፍ እንዲዘረጋ ያስገድዳል። በጀት የለም የሚል መልስ ይመጣ ይሆናል። የጠፋውን መመዝገብ ግን ብዙ ገንዘብ አይፈልግም፦ ማን፣ በየትኛው ቀበሌ፣ ስንት ሄክታር፣ ስንት ከብት እንደነበረው። የይዞታ ደብተር ወይም የግብር ደረሰኝ ያተረፈ ያቅርብ። ሰነዱ ለተቃጠለበት ድንበርተኛው ይመስክርለት፤ አብረው የሸሹ ጎረቤታሞች ዛሬም ጎን ለጎን በተተከሉ ሸራዎች ሥር ይገኛሉ፣ ወሰኑንም አሁን ያስታውሱታል።