በናይሮቢ የበደል ስም እንዴት ተለዋወጠ

በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1957 ዓ.ም. በጁን ወር (ከዚህ በታች የሚገኙት ዓመታትም ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) የኬንያ ቅኝ ግዛት ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ የነበሩት ኤሪክ ግሪፊዝ ጆንስ ከናይሮቢ ለአገረ ገዥው ለሰር ኤቭሊን ቤሪንግ አንድ የምሥጢር ደብዳቤ ጻፉ። ነገሩ በግዞት ሰፈር ያሉትን እስረኞች በዱላ ማስገዛት በሕግ እንዴት ሊፈቀድ ይችላል የሚል ነበር። ጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ የሕጉን መንገድ ካመለከቱ በኋላ፣ እንግዲህ ኃጢአት የምንሠራ ከሆነ በጸጥታ ልንሠራው ይገባናል የሚል አሳብ አሰፈሩ።

የሕግ ሰው ስለ ወንጀል ይጽፋል፤ ስለ ኃጢአት መጻፍ የካህን ሥራ ነው። እንግሊዝኛም ሁለቱን አይቀላቅልም። «ክራይም» ያለ እንደ ሆነ ሕግን መጣስ፣ «ጊልት» ያለ እንደ ሆነ በአጥፊው ላይ የሚያርፈውን ሸክም፣ «ሲን» ያለ እንደ ሆነ ግን በፈጣሪ ፊት የሚያስጠይቀውን ኃጢአት ያመለክታል። ግሪፊዝ ጆንስ የመረጡት ይህን የመጨረሻውን ነው። «ክራይም» ብለው ጽፈው ቢሆን ክሱን የሚመሠርተው የራሳቸው መሥሪያ ቤት በሆነ ነበር፤ ኃጢአት የሚጠየቅበት ችሎት ግን በናይሮቢ አልነበረም።

ደብዳቤው ይበልጥ የሚያስደንቀው የዘመኑ የቢሮ ቋንቋ የበደልን ስም ከመጥራት የሚሸሽ ስለ ነበረ ነው። መሬታቸው ለነጭ ሰፋሪዎች የተሰጠባቸው ኪኩዩዎች ማው ማው በተባለው ንቅናቄ በተነሡ ጊዜ፣ አገረ ገዥው ኦክቶበር 20 ቀን 1952 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ አወጁ። በሁለቱም ወገን ደም ፈሰሰ፤ ማው ማው ከመንግሥት ጋራ ተባበሩ ያላቸውን ብዙ የገዛ ወገኖቹን ገድሏል። የመንግሥቱ ሥራ ግን እያንዳንዱ በየስሙ በመዝገብ የሚገባ ስለ ነበረ፣ ለእያንዳንዱ የሚያምር ቃል ተፈለገለት።

አፕሪል 24 ቀን 1954 ወታደርና ፖሊስ ናይሮቢን ከበበ። የዘመቻው ስም «አንቪል» ነበር፤ ብረት የሚቀጠቀጥበት መስፍ ማለት ነው። ኪኩዩዎች፣ ኤምቡዎችና ሜሩዎች ከየቤታቸውና ከየመንገዱ እየተሰበሰቡ «ስክሪኒንግ» ወደሚባለው ምርመራ ተነዱ። ቃሉ የወንፊት ቃል ነው፤ እህል ተነፍቶ ፍሬው ከገለባው እንደሚለይ፣ ሰውም እንዲሁ ይለያል ማለት ነው። የሚለየው ግን ፊቱን በጆንያ ሸፍኖ በሁለት ቀዳዳ የሚያይ ጠቋሚ ነበር። እርሱ ራሱን የነቀነቀበት ሰው ለምን እንደ ተያዘ ሳይነገረው ይወሰዳል። ኪኩዩዎቹ ይህን ጠቋሚ «ጋኩኒያ» ብለው ሰየሙት፤ ትንሽ ጆንያ ማለት ነው። ድምፁም ከአማርኛው ቃል ብዙ አይርቅም። መንግሥት በወንፊት ስም የጠራውን ነገር ሕዝቡ በጆንያው ጠራው፤ ከሁለቱ ስሞች ያየውን በትክክል የተናገረው የትኛው እንደ ሆነ አንባቢ ይፍረድ።

ከዚህ በኋላ እስረኛው «ነጭ»፣ «ግራጫ» ወይም «ጥቁር» ተብሎ ይመዘገባል። ጥቁር የተባለው መሐላውን ተናዝዞ ወደ ነጭ እስኪለወጥ ድረስ ከሰፈር ወደ ሰፈር ይተላለፋል፤ ይህም «ፓይፕላይን»፣ ማለት ቧንቧ፣ ይባል ነበር። አልናዘዝም ያለውን እልኸኛ ለመስበር በ1957 በምዌያ ሰፈሮች የተጀመረው ዘዴ ደግሞ «ዳይሉሽን» ተባለ። የወፈረ ነገር በውሃ ሲቀጥን የሚነገር ቃል ነው። እልኸኞቹን ጥቂት ጥቂቱን እያደረጉ አስቀድመው በተሸነፉት መካከል አግብቶ እስኪታዘዙ መደብደብ ነበር፤ በወረቀት ላይ ሲነበብ ግን የወጥ ቤት ሥራ ይመስላል።

የጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ ምክርም በዚህ ላይ ነበር። እስረኛን ለመቅጣት መምታት የተከለከለ ነው፤ ትእዛዝ እንዲፈጽም ለማስገደድ የሚደረገው ኃይል ግን ይፈቀዳል ተባለ። የመጀመሪያው «ፑኒቲቭ»፣ ሁለተኛው «ኮምፔሊንግ» ነው። ዱላው አንድ ሲሆን ስሙ ሁለት ሆነ።

ማርች 3 ቀን 1959 በታና ወንዝ አጠገብ ባለው በሆላ ሰፈር ሥራ አንሠራም ያሉ 11 እስረኞች በዘበኞች ዱላ ተደብድበው ሞቱ። ከናይሮቢ የወጣው የመጀመሪያው የመንግሥት መግለጫ ሰዎቹ የሞቱት ከውሃ ጋሪ ውሃ ከጠጡ በኋላ ነው አለ። ዐረፍተ ነገሩን ጸሐፊው አጥብቆ ቢያዝ፣ ውሃ መጠጣታቸውን እንጂ ውሃው ገደላቸው አላልሁም ብሎ ሊከራከር ይችላል፤ ከሐሰት ሁሉ የሚከፋው እንዲህ በእውነት ቃላት የተሠራው ነው። አስከሬኖቹ ሲመረመሩ የሞቱበት ምክንያት ድብደባ መሆኑ ተረጋገጠ። ነገሩ ለንደን ምክር ቤት ደረሰ፤ ጁላይ 27 ቀን ከገዥው ፓርቲ ወገን የነበሩት ኢኖክ ፓወል ሳይቀሩ ኃላፊነቱን የሚሸከም ሰው እንዲገኝ አጥብቀው ተናገሩ። ሆኖም ስለ ሟቾቹ ለፍርድ የቀረበ አንድም ሰው አልነበረም።

ነጻነት በቀረበ ጊዜ ስለ መዛግብቱ ሌላ ትእዛዝ መጣ። በ1961 የቅኝ ግዛት ሚኒስትሩ የግርማዊት ንግሥቲቱን መንግሥት «ኢምባራስ» ሊያደርግ የሚችል ወረቀት ለአዲሱ መንግሥት እንዳይተላለፍ አዘዙ። «ኢምባራስ» በሰው ፊት ማፈርን ይናገራል፤ ስለ ማጥፋት አንዳች አይልም። ብዙው ወረቀት ተቃጠለ፤ ወደ 1,500 የሚጠጋ ፋይል ደግሞ ወደ እንግሊዝ ተወስዶ ሃንስሎፕ ፓርክ በተባለ ስፍራ ተከማቸ። ይህም የታወቀው በ2011 ነው፤ ያስወጣውም በ2009 በለንደን ክስ የመሠረቱት አምስት ሽማግሌ ኬንያውያን ሙግት ነበር።

ጁን 6 ቀን 2013 የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ዊልያም ሄግ በምክር ቤት ቆመው ኬንያውያን ሥቃይና እንግልት እንደ ደረሰባቸው አመኑ። ለ5,228 ሰዎች፣ የሙግቱን ወጪ ጨምሮ፣ 19.9 ሚሊዮን ፓውንድ እንደሚከፈልም አስታወቁ። በዚያው ንግግር መንግሥታቸው ከልብ «ሪግሬት» እንደሚያደርግ ተናገሩ፤ «ላያቢሊቲ»ን፣ ማለት በሕግ ተጠያቂነትን፣ ግን እንደማይቀበል ጨመሩበት። «ሪግሬት» ጸጸት ነው፤ እንግሊዞች የራት ግብዣ መሄድ ሳይመቻቸው ሲቀርም በዚሁ ቃል ይጠቀማሉ። «አፖሎጂ» ግን ይቅርታ መለመን ነው። የሚጸጸት ሰው ብቻውን መጸጸት ይችላል፤ ይቅርታ የሚለምን ግን በበደለው ሰው ፊት ቆሞ መልስ መጠበቅ አለበት። በኢትዮጵያ ነፍስ ያጠፋ ሰው ድንጋይ በጫንቃው ተሸክሞ ከሟች ወገኖች ፊት የሚወድቀው ስለዚህ ነው፤ ተጸጽቻለሁ ብሎ መልእክት ቢልክ ሽማግሌዎቹ አይነሡለትም።

ቃልን መሸሽ የእንግሊዞች ብቻ ጠባይ አይደለም። ኢጣልያ በኢትዮጵያ ላይ የመርዝ ጋዝ መጣሏን በመንግሥት ደረጃ ያመነችው የመከላከያ ሚኒስትሯ በ1996 ባስታወቁ ጊዜ ነው።

በ2015 በናይሮቢ በኡሁሩ ፓርክ በእንግሊዝ መንግሥት ገንዘብ የመታሰቢያ ሐውልት ተመረቀ። አንዲት ሴት ለአንድ ተዋጊ ስንቅ ስታቀብል ያሳያል፤ አንዱ ሌላውን በኋላ ተይዞ እንዳይጠቁም ሁለቱም ፊታቸውን አዙረዋል። ይሁን እንጂ ከ40,000 የሚበልጡ ሌሎች ኬንያውያን ያቀረቡት ክስ በ2018 ጊዜው አልፎበታል ተብሎ በለንደን ወደቀ።

ኦክቶበር 31 ቀን 2023 ንጉሥ ቻርልስ ናይሮቢ በቤተ መንግሥቱ ራት ላይ፣ በኬንያውያን ላይ የተፈጸመው ግፍ አስጸያፊና ምክንያት የማይገኝለት መሆኑን ተናገሩ፤ ታላቅ ኀዘናቸውንና ጥልቅ «ሪግሬት» ገለጹ። ከሄግ ቃል ይህ ብዙ የጠነከረ መሆኑን መካድ አይገባም። ነገር ግን የናይሮቢ ሕዝብ በስዋሂሊ «ፖሌ» የሚል ቃል አለው፤ ለታመመ፣ ለተሰናከለ፣ ሐዘን ለደረሰበት፣ ተናጋሪው ምንም ያላጠፋ ቢሆን እንኳ፣ እንደ አማርኛው «አይዞህ» ይባላል። ይቅር በለኝ ለማለት ደግሞ ከዓረብኛ የመጣው «ሳማሃኒ» አለ። የንጉሡ ንግግር የሚቀርበው ለፊተኛው ነው።

የኬንያ የሰብአዊ መብት ኮሚሽን የተባለው ማኅበር ከጉብኝቱ አስቀድሞ ያለ አንዳች ማጣፊያ በይፋ ይቅርታ እንዲጠየቅ አሳስቦ ነበር። ንጉሡ በኖቬምበር 3 ቀን ጉብኝታቸውን ሲፈጽሙ «አፖሎጂ» የሚለውን ቃል አልተናገሩም።