የተከሳሽ ጠበቃ የሌለበት ጠረጴዛ

ስም አልጠራም፤ ነገሩ ግን ይነገር። ድሬዳዋ ውስጥ ጠጥቶ ሲያሽከረክር ሰው የገደለ ሹፌር ሲከሰስ ሰዉ የሚያየው ችሎቱን ነው። በመዝገቡ በኩል ላለነው ግን ገና ከዚያ በፊት ብዙ ነገር ይታየናል።

ቀድመው የሚደርሱት ሽማግሌዎች ናቸው። የሶማሌው ዲያ፣ የኦሮሞው ጉማ እዚህ ክብር አለው፤ የሟች ቤተሰብ ይካሳል፣ «ታርቀናል» የሚል ወረቀት ከመዝገቡ ጋር ይያያዛል። ዕርቁን አልነቅፍም፤ አባታቸውን ላጡ ልጆች ቶሎ የሚደርስላቸው እሱ ነው። ሆኖም የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 543(3) በመጠጥ ራሱን ስቶ በቸልተኝነት ሰው የገደለን ከ5 እስከ 15 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት ይቀጣል። ካሳ መክፈል በአንቀጽ 82 ቅጣት ያቀል ይሆናል እንጂ ክስ አያዘጋም። ዳኛው ይህን ሲናገር የሚያኮርፈው ብዙ ነው።

ይህን ግፊት ሁሉም ያውቀዋል። የማይወራው ሌላኛው ነው። የፍትህ አካላት የጋራ መድረክ በሚባለው ስብሰባ ፖሊስ፣ ዓቃቤ ሕግ፣ ማረሚያ ቤትና ፍርድ ቤት አብረው ይቀመጣሉ። የምስክር አለመቅረብና የቀጠሮ መብዛት ሲነሳ ጥሩ ነው። «አደጋ በዝቷል፣ ፍርድ ቤት ቅጣቱን ጠበቅ ያድርግልን» የሚል ጥያቄ ሲመጣ ግን ልብ በሉ፤ የተከሳሽ ጠበቃ እዚያ ወንበር የለውም። በዚያች ሰዓት «እሺ» ያለ ዳኛ ገና ፊቱን ባላየው ሹፌር ላይ ፈርዷል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 79 ዳኛ ከሕግ በስተቀር በሌላ አይመራም ሲል ደጋግ ዘመቻዎችንም ይጨምራል።

የሚያሳዝነው፣ መዝገቡ ራሱ ባዶ ሆኖ ሲመጣ ነው። ከዚራ ላይ እኩለ ሌሊት የተጋጨ ሹፌር ጠዋት ቢለካ አልኮሉ በአብዛኛው ከደሙ ወጥቷል። ከሰዓት ቅሞ ማታ ጨብሲ የወጣ ከሆነ ደግሞ የትንፋሽ መለኪያው ጫቱን አያይለትም። «አፉ ይሸት ነበር» በሚል የምስክር ቃል ብቻ 15 ዓመት አይፈረድም፤ እንዲፈረድም አልፈልግም።

ስለዚህ ዳኛን ቅጣት አጥብቅልን ብላችሁ የምትለምኑ ኃላፊዎች፣ መለኪያውን በዚያው ሌሊት አደጋው ቦታ አድርሱ፣ የደም ናሙናውን ሳይነጋ አስወስዱ። እናንተም አንባቢዎች፣ ዘመዳችሁ ቢከሰስ ጠበቃ ፈልጉለት፤ የዳኛውን ስልክ አትፈልጉ።