ከግጭት እስከ ግኝት፦ የመረጃ መስመር የምርምር መሣሪያ ሲሆን

ስለ ሳይንሳዊ መሣሪያ ሲነሣ በብዙዎቻችን አእምሮ ቀድሞ የሚመጣው ማይክሮስኮፕ ወይም ቴሌስኮፕ ነው። መረጃን ከቦታ ወደ ቦታ የሚያደርሰው መስመር ግን ከመሣሪያ ሲቆጠር አይታይም። ይሁንና ከዘመናችን ታላላቅ ምርምሮች አንዳንዶቹ ያለዚህ መስመር ከግብ ሊደርሱ ባልቻሉም ነበር። ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የሚሆነን በስዊዘርላንድና በፈረንሳይ ድንበር ላይ፣ ከጄኔቫ ከተማ አጠገብ የሚገኘው የሰርን የምርምር ማዕከል ነው።

በዚህ ማዕከል፣ 27 ኪሎ ሜትር ዙሪያ ባለው የመሬት ውስጥ ዋሻ፣ የብርሃንን ፍጥነት ለመድረስ ጥቂት የቀራቸው ፕሮቶኖች እርስ በርስ እንዲጋጩ የሚያደርግ ማፍጠኛ ተተክሏል። እ.ኤ.አ. ከ2015 እስከ 2018 በነበረው የሥራ ዘመን፣ አትላስና ሲኤምኤስ በተባሉት ሁለት ግዙፍ መመርመሪያዎች በእያንዳንዳቸው ውስጥ በሰከንድ እስከ 1 ቢሊዮን ግጭት ይፈጠር ነበር። ይህን ሁሉ መዝግቦ ማስቀመጥ አይቻልም። ስለዚህ እህልን ከገለባ እንደሚለይ አበጣሪ፣ በመጀመሪያ ፈጣን የኤሌክትሮኒክስ መሣሪያዎች፣ ቀጥሎም በርካታ ኮምፒውተሮች እያጣሩ በሰከንድ 1,000 ያህል ክስተቶችን ብቻ ያስቀሩ ነበር።

የቀረውም ቢሆን ለአንድ ተቋም ኮምፒውተሮች ከአቅም በላይ ነው። በመሆኑም ከ40 በሚበልጡ አገሮች የሚገኙ 170 ያህል የኮምፒውተር ማዕከላትን የሚያስተሳስር፣ ግሪድ የተሰኘ ሥርዓት ተዘረጋ። በሰርን የተመዘገበው መረጃ በኦፕቲካል ፋይበር ወደ ታላላቆቹ ማዕከላት ይላካል፤ ከእነርሱም ለዩኒቨርሲቲዎች ይዳረሳል። የሂግስ ቦዞን ምልክት መገኘቱ እ.ኤ.አ. ጁላይ 4 ቀን 2012 ሲበሠር፣ ከጥቂት ሳምንታት በፊት የተሰበሰበው መረጃ ሳይቀር ተተንትኖ ነበር።

የፍጥነትን ፋይዳ በቀላል ስሌት እንመልከት። 1 ቴራባይት መረጃ 8 ትሪሊዮን ቢት ነው። በሰከንድ 2 ሚሊዮን ቢት የሚያሳልፍ መስመር ይህን ለማድረስ 4 ሚሊዮን ሰከንድ፣ ማለትም ከ46 ቀናት በላይ ይፈጅበታል። በሰከንድ 10 ቢሊዮን ቢት ለሚያሳልፍ መስመር ግን 800 ሰከንድ፣ ማለትም 13 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ ይበቃዋል።

ልዩነቱ የምቾት ጉዳይ አይደለም። ተመራማሪ የሚማረው ከስሕተቱ ነው፤ ስሕተቱን ለማየት ወር ተኩል የሚጠብቅ ሰው ግን በዓመት ውስጥ ስንት ጊዜ ሊሳሳት ይችላል? ሰርን እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ ከመረጃው ከፊሉን በኢንተርኔት ለማንም ክፍት አድርጓል። ማፍጠኛውን መገንባት ለማይችል አገር ተማሪም የምርምሩ በር ተከፍቷል ማለት ነው። በሩ ድረስ የሚያደርሰው መንገድ ግን የመረጃ መስመሩ ነው። ስለዚህ ለዩኒቨርሲቲዎቻችን ፈጣን መስመር መዘርጋት ቤተ ሙከራ ከመገንባት ተለይቶ መታየት የለበትም።