በጢንዚዛ የተያዘ ዛፍ በጊዜው ካልተቆረጠ መንግሥት ቆርጦ ባለቤቱን ያስከፍላል

የባቫሪያ የደን ባለቤቶች ግዴታና ችግር

በደቡብ ጀርመን በምትገኘው በባቫሪያ ክፍለ ሀገር ከጠቅላላው ደን ከግማሽ የሚበልጠው የግለሰቦች ነው። ከባለቤቶቹ ብዙዎቹ ከእርሻቸው አጠገብ ጥቂት ሄክታር ደን ከአባታቸው የወረሱ ገበሬዎች ናቸው። በዚህ ደን ውስጥ በብዛት የሚገኘው ስፕሩስ የተባለው መልኩ ጥድ የሚመስል ዛፍ ሲሆን፣ ለቤት መሥሪያ ስለሚፈለግ ለገበሬው እንደ ተቀማጭ ገንዘብ ሆኖ ኖሯል።

የዚህ ዛፍ ዋና ጠላት ከስንዴ ፍሬ ያነሰ፣ ርዝመቱ ከ4 እስከ 5 ተኩል ሚሊ ሜትር የሚደርስ ቡናማ ጢንዚዛ ነው። ከቅርፊቱ ሥር የሚቆፍረው መስመር ጽሑፍ ስለሚመስል ጀርመኖች «መጽሐፍ አታሚ» ይሉታል። በሚያዝያ ወር አየሩ ሲሞቅ ወንዱ ቅርፊቱን በስቶ ይገባና በሽታው ሌሎችን ይጠራል። ከእንቁላሎቹ የሚፈለፈሉት ትሎች ዛፉ ምግቡን የሚያስተላልፍበትን የውስጥ ቅርፊት ስለሚበሉት ዛፉ ይደርቃል። ጤነኛ ዛፍ ሙጫ አፍልቆ ጢንዚዛውን ያሰጥመዋል። ውሃ የጠማው ዛፍ ግን ይህን ማድረግ አይችልም። ጢንዚዛው በደህና ዓመት ሁለት ትውልድ ሲያፈራ፣ በጋው ሞቃትና ደረቅ ከሆነ ሦስት ያፈራል። እ.ኤ.አ. ከ2018 እስከ 2020 በደረሰው ድርቅ በመላው ጀርመን የተጎዳውና እንደገና ደን ሊተከልበት የሚገባው መሬት ወደ 277 ሺህ ሄክታር እንደሚደርስ መንግሥት ገምቶ ነበር።

አንድ ሰው በራሱ ዛፍ ላይ የሚያሳየው ቸልተኝነት ጎረቤቱን ስለሚያጠፋ፣ ጉዳዩ ለባለቤቱ ፈቃድ ብቻ አልተተወም። በባቫሪያ ደንብ መሠረት ለጢንዚዛ የተጋለጠ ተብሎ በተከለለ አካባቢ ደን ያለው ሁሉ በሞቃቱ ወራት ቢያንስ በየአራት ሳምንቱ ዛፎቹን መመርመር፣ የተያዘ ዛፍ ሲያገኝም ሳይውል ሳያድር መቁረጥ አለበት። ግንዱን ቢያንስ 500 ሜትር ከደን አርቆ ማጓጓዝ ወይም ቅርፊቱን መላጥ ይገባዋል። ባለቤቱ ይህን ሳይፈጽም ከቀረ የአካባቢው የግብርናና የደን ጽሕፈት ቤት ቀነ ገደብ ያለው ትእዛዝ በጽሑፍ ይሰጠዋል። ቀኑ ካለፈ ጽሕፈት ቤቱ ሠራተኛ አስገብቶ ያስቆርጥና ወጪውን ከባለቤቱ ይጠይቃል።

ደንቡ በወረቀት ላይ ሲታይ ቀላል ነው። አስቸጋሪው ነገር ጢንዚዛው የገባበት ዛፍ መጀመሪያ ላይ አረንጓዴ ሆኖ መቆየቱ ነው። ምልክቱ ከግንዱ ሥር የሚጠራቀም እንደ ተፈጨ ቡና ያለ ቡናማ ዱቄት ብቻ ሲሆን፣ እሱንም ዝናብ ያጥበዋል። ቅጠሉ ቀልቶ ቅርፊቱ መርገፍ ሲጀምር አብዛኛው ጢንዚዛ በሮ ወደ ጎረቤት ሄዷል። ስለዚህ የደን ሠራተኛው ገበሬውን ለምለም የሚመስለውን ዛፍ እንዲቆርጥ ማሳመን አለበት፤ ይህም ቀላል ሥራ አይደለም። ቅርፊት መላጡም ቢሆን የሚጠቅመው ትሎቹ ገና ነጭ ሳሉ ነው። ክንፍ አውጥተው ከሆነ የተላጠው ቅርፊት ካልተቃጠለ ወይም ካልተፈጨ ድካሙ ከንቱ ነው።

ሌላው እንቅፋት የባለቤቶቹ ሁኔታ ነው። ብዙ ወራሾች ወደ ከተማ ገብተው ደናቸው በየት በኩል እንደሚዋሰን እንኳ አያውቁም። ትእዛዙ እስኪደርሳቸው አንድ ትውልድ ጢንዚዛ ይበራል፤ አንድ ትውልድ የሚደርሰው ደግሞ ከስድስት እስከ አሥር ሳምንት ባለው ጊዜ ነው። ከዚህም ሌላ በእነዚያ የድርቅ ዓመታት ገበያው በተጎዳ እንጨት ተጥለቅልቆ ዋጋው ስለወደቀ፣ የመቁረጫው ወጪ ከሽያጩ የበለጠበት ገበሬ ጥቂት አልነበረም። ኪሳራ አስገብቶ ቁረጥ የተባለ ሰው ማጉረምረሙ አያስደንቅም።

ትእዛዝ ብቻውን ብዙ ርቀት እንደማያስኬድ የታወቀ በመሆኑ የክፍለ ሀገሩ መንግሥት ፀረ ተባይ መድኃኒት ሳይረጩ ጢንዚዛውን ለሚከላከሉ ባለቤቶች ድጎማ ይሰጣል። የበለጠውን ሥራ የሚያቃልለው ግን የደን ባለቤቶች ማኅበር ነው። ማኅበሩ የአባላቱን ትናንሽ ይዞታዎች አቀናጅቶ የመቁረጫ መኪና በአንድ ጊዜ ያስመጣል፤ እንጨቱንም በጅምላ ይሸጣል። ለአሥር ግንድ ብሎ መኪና የሚልክ ነጋዴ የለምና ብቻውን የቆመ ገበሬ ይህን ሊያደርግ አይችልም።

ገበሬዎቹ መንግሥትንም የሚወቅሱበት ጉዳይ አለ። እ.ኤ.አ. በ1970 በተቋቋመው በባቫሪያ ደን ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ በ1983 ማዕበል የጣላቸው ዛፎች ተፈጥሮ ራሷ ታስተካክለው ተብሎ እንዲተዉ ተወሰነ። ከዚያ በኋላ በተለይ በ1990ዎቹ ጢንዚዛው በሺህ በሚቆጠር ሄክታር ላይ ያለውን ስፕሩስ አደረቀ። የራሱን ዛፍ በቀነ ገደብ እንዲቆርጥ የሚገደደው ጎረቤት ይህን እያየ ዝም ሊል አልቻለም። በዚህም ምክንያት ፓርኩ በድንበሩ ዙሪያ ስፋቱ ቢያንስ 500 ሜትር በሆነ መቀነት ውስጥ የተያዘውን ዛፍ እየፈለገ ይቆርጣል፤ ከመቀነቱ ወዲያ በውስጠኛው ክፍል ያለው እንዳለ ይተዋል።