ጩኸቱ የውሸት አይደለም

የሬስሊንግ አሸናፊ አስቀድሞ እንደሚወሰን ያልሰማ የለም፤ ትርኢቱን የሚያዘጋጀው የአሜሪካ ኩባንያ ራሱ እ.ኤ.አ. በ1989 ለኒው ጀርሲ ሕግ አውጪዎች ሥራው መዝናኛ እንጂ ውድድር አለመሆኑን አስረድቷል። ታዲያ ሀዋሳ ውስጥ ቴሌቪዥን ፊት ብድግ ቁጭ እያለ የሚጮኽ ወጣት ተሞኘ? አይመስለኝም። የሲዳማ ቡና ደጋፊ ድምፁ እስኪዘጋ ቢጮኽ ጎል አይቆጠርለትም። በሬስሊንግ ግን ጩኸት ድርሰቱን ያስለውጣል። ጋና የተወለደው ተፋላሚ ኮፊ ኪንግስተን እ.ኤ.አ. በ2019 መጀመሪያ ወደ ሻምፒዮና ፉክክሩ የገባው በተጎዳ ተፋላሚ ምትክ ነበር፤ ተመልካቹ ግን ስሙን መጥራቱን አላቆም አለ። በዚያው ዓመት ኤፕሪል፣ ሬስልማኒያ 35 በተባለው የኩባንያው ትልቅ ትርኢት ላይ፣ ዳንኤል ብራያንን ጥሎ የሻምፒዮንነቱን ቀበቶ ታጠቀ። እ.ኤ.አ. በ2002ም ቶሮንቶ ላይ ሕዝቡ ክፉ ገጸ ባሕርይ ሆኖ የመጣውን ተፋላሚ ሆጋንን ደግፎ በተጋጣሚው በሮክ ላይ ሲያጉረመርም፣ ሁለቱ ትርኢታቸውን እዚያው አስተካክለዋል።

«የሀዋሳ ድምፅ እኮ አሜሪካ አይሰማም» የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ የሚሰማው አዳራሽ የገባው ነው። ቢሆንም ቴአትር ላይ የሞተው ተዋናይ መጋረጃው ሲዘጋ እንደሚነሣ እያወቀ የሚያለቅስን ሰው ማንም ሞኝ አይለውም። ልጆች ይኮርጃሉ የሚለው ስጋት ግን (ይህን አልከራከርም) ተገቢ ነው፤ ውጤቱ ቢጻፍም አወዳደቁ እውነተኛ ነው፣ የሰለጠነውንም ይሰብራል።