ጥጥ የሚችለውን ጨው ሽንኩርት አይችለውም
በመስኖ መሬት ኪራይ ሳይጠየቅ የሚቀረው ጥያቄ

በመካከለኛው አዋሽ የመስኖ መሬት በኪራይም ሆነ በመጋራት ለመያዝ የሚነሳ ባለሀብት የሚጠይቃቸው ነገሮች የታወቁ ናቸው። ቦዩ ምን ያህል ይርቃል? አስፋልቱስ? የቀን ሠራተኛ ይገኛል ወይ? አምና ምን ተዘራበት? ደላላውም ለእነዚህ ሁሉ መልስ አያጣም። ሳይጠየቅ የሚቀረው አፈሩ ምን ያህል ጨው ይዟል የሚለው ነው። ይህ በመዘለሉ አምና ደህና ጥጥ የሰጠ መሬት ዘንድሮ ሽንኩርት ሲተከልበት ባለቤቱን ባዶ እጁን ሊያስቀረው ይችላል። መሬቱም ውሃውም ያው ነው፤ የተለወጠው ተክሉ ነው።

የአፈር ጨዋማነት የሚለካው ከራሰ አፈር ተጨምቆ የወጣው ውሃ ኤሌክትሪክ በሚያስተላልፍበት መጠን ነው። ጨው ሲበዛ ማስተላለፉም ይጨምራል። መለኪያው ዴሲሲመንስ በሜትር ይባላል፤ እዚህ ለአጭሩ «ነጥብ» እንበለው። በተለመደው አመዳደብ 4 ነጥብ የደረሰ አፈር ጨዋማ ይባላል። ማስ እና ሆፍማን የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1977 ያወጡት ሰንጠረዥ፣ በኋላም የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት (ፋኦ) ለመስኖ ባለሙያዎች በመመሪያው ያካተተው፣ እያንዳንዱ ሰብል እስከ ስንት ነጥብ ያለ ጉዳት እንደሚችልና ከዚያ በላይ ባለው በእያንዳንዱ ነጥብ ምርቱ በመቶ ስንት እንደሚቀንስ ያሳያል።

ለነጋዴ የሚጠቅመው ከዚህ ላይ ነው። ገብስ እስከ 8 ነጥብ፣ ጥጥ እስከ 7.7፣ ማሽላ እስከ 6.8፣ ስንዴ እስከ 6 ይችላሉ። ቲማቲም በ2.5፣ በቆሎና ሸንኮራ አገዳ በ1.7፣ ሽንኩርት በ1.2፣ ቦሎቄ በ1 ነጥብ መጎዳት ይጀምራሉ። 5 ነጥብ ያለው መሬት ተገኘ እንበል። ጥጡ ምንም አይሆንም። ቲማቲሙ ሩብ ያህሉን፣ በቆሎው 40 በመቶ ያህሉን ያጣል። ሽንኩርት ግን ከ1.2 በላይ በእያንዳንዱ ነጥብ 16 በመቶ ስለሚቀንስ የሚያጣው 61 በመቶ ገደማ ነው። በጥሩ መሬት 100 ኩንታል ይጠብቅ የነበረ ሰው 39 ኩንታል ይዞ ገበያ ይወጣል ማለት ነው፤ የኪራዩ፣ የዘሩ፣ የማዳበሪያውና የናፍጣው ወጪ ግን አልቀነሰለትም። የሽንኩርት ዋጋ ሲሰቀል አይቶ ከጥጥ ወደ ሽንኩርት የሚዞር ሰው ይህን ሒሳብ አስቀድሞ መሥራት ይኖርበታል።

ተክሎቹን እንዲህ ያራራቃቸው ምንድን ነው? ጨው ተክልን የሚጎዳው በሁለት ዙር ነው። የመጀመሪያው ጥማት ነው። በጨዋማ አፈር ውስጥ ውሃ እያለ ሥሩ ስቦ ለማውጣት ይቸገራል፤ በሰዓታት ውስጥም የቅጠሉ እድገት ይቀዘቅዛል። ተክሉ ውሃውን ወደ ራሱ ለመሳብ በሴሎቹ ውስጥ ስኳርና ፕሮሊን የመሳሰሉ ቅመሞችን ያከማቻል። ይህ ነፃ አይደለም፤ ወደ ፍሬና ወደ ግንድ ሊሄድ ይችል የነበረው ጉልበት እዚህ ላይ ይወጣል። ሁለተኛው ዙር ቀናትና ሳምንታት ቆይቶ የሚመጣው መመረዝ ነው። ሶዲየም በአሮጌዎቹ ቅጠሎች ውስጥ እየተጠራቀመ ፖታሲየም የሚሠራውን ሥራ ያበላሻል፤ ቅጠሉም ከጫፉ ጀምሮ ይቃጠላል። አሮጌው ቅጠል አዲሱ ከሚወጣበት ፍጥነት በላይ መርገፍ ከጀመረ ያ ማሳ አበቃለት።

መከላከያውም እንደየተክሉ ይለያያል። የዳቦ ስንዴ በር ላይ እንደቆመ ዘበኛ ነው፤ ሶዲየሙ ከሥር ወደ ቅጠል እንዳያልፍ ይመልሰዋል። ገብስና ጥጥ ደግሞ ጨውን ያስገቡታል፤ ነገር ግን በእያንዳንዱ ሴል ውስጥ ባለ ከረጢት ይቆልፉበታል፤ ሥራ ወደሚሠራበት ክፍል አይለቁትም። ሽንኩርት በሁለቱም ደካማ ነው፤ ሥሩም ጥልቀት የለውም።

ማላመድ የሚባለውም ነገር አለ። ጨው ቀስ በቀስ የመጣበት ተክል እነዚህን መከላከያዎች ለማዘጋጀት ጊዜ ያገኛል። በአንድ ጊዜ የወረደበት ግን ዝግጅቱን ሳይጨርስ ይወድቃል። በሰንጠረዡ ላይ ያሉት ቁጥሮችም በአብዛኛው የተገኙት ችግኙ በደህና አፈር ከያዘ በኋላ ጨው እየተጨመረበት በተደረገ ሙከራ ነው። ስለዚህ ለቡቃያ ዋስትና አይሆኑም። ስኳር ድንች የማይባለው የስኳር ቀይ ሥር እንኳ ካደገ በኋላ 7 ነጥብ የሚችል ሆኖ ሳለ በመብቀያው ወቅት ጨው ይጎዳዋል። ልምድ ያላቸው አምራቾች ከመዝራታቸው በፊት መሬቱን በደንብ አጠጥተው ጨውን ወደ ታች የሚያወርዱት፣ ዘሩንም ጨው በሚከማችበት የመደቡ አናት ላይ ሳይሆን ከጎኑ የሚያስቀምጡት ለዚህ ነው።

የማካሮኒና የፓስታ ስንዴ ገዢዎችም ይህን ልብ ቢሉት ይጠቅማቸዋል። ዱረም ስንዴ የዳቦ ስንዴ ያለው ዓይነት ጥሩ ዘበኛ የለውም። በአውስትራሊያ የሚገኙ ተመራማሪዎች ከጥንታዊ የስንዴ ዘመድ አንድ ዘረመል በተለመደው የማዳቀል ዘዴ ወደ ዱረም አስገብተው እ.ኤ.አ. በ2012 ባሳተሙት ውጤት፣ ዘረመሉን የያዘው በጨዋማ ማሳ ላይ ካልያዘው 25 በመቶ የሚበልጥ ምርት ሰጥቷል። ዱረምን ከደጋ አውርዶ በመስኖ ቆላ ለማምረት የሚያስብ ሰው ቢያንስ የዝርያውን ጠባይ ሳይጠይቅ ባይገባበት ይሻለዋል።

አንድ ለየት ያለ ነገር ቲማቲም ላይ ይታያል። መጠነኛ ጨው ያገኘው ቲማቲም ፍሬው ያንሳል፣ ጣዕሙና ስኳሩ ግን ይጨምራል። በኪሎ ለሚሸጥ ሰው ኪሳራ ነው፤ ድልህ ለሚያመርት ፋብሪካ ግን የሚተነው ውሃ ያነሰ ስለሆነ ዋጋ ሊያወጣ ይችላል። እዚህ ገበያ ላይ ለዚህ ብሎ ጭማሪ የሚከፍል ማግኘት ቀላል አይመስልም።

ጨው በአዋሽ ከየት መጣ? የመስኖ ውሃ ሁሉ ጥቂት ጨው ይዞ ይመጣል። ተክሉ ውሃውን ይጠጣል፣ ፀሐይም ታተናለች፤ ጨው ግን እዚያው ይቀራል። በአሚባራና በመልካ ሰዲ በቂ ማፋሰሻ ሳይኖር ለዓመታት ውሃ ሲለቀቅ ከመሬት በታች ያለው ውሃ ወደ ላይ ወጣ፤ ጨዉንም ይዞት ወጣ። ከእርሻ የወጣው መሬት ላይ ፕሮሶፒስ የተባለው እሾሃማ ዛፍ ሰፈረበት። ወደ ላይ ደግሞ መተሐራ አጠገብ ያለው የበሰቃ ሐይቅ አለ። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ 3 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የነበረው ይህ ሐይቅ ዛሬ ከ40 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ሸፍኗል። ውሃው ጨዋማና ሶዲየም የበዛበት ነው፤ ጎረቤቱ ደግሞ ከ1.7 ነጥብ በላይ የማይችለው ሸንኮራ አገዳ ነው።

ጨው የሚችል ሰብል መዝራት ጊዜ ይገዛል እንጂ ጨዉን ከመሬቱ አያወጣም። ጥጥ ዛሬ በ5 ነጥብ ላይ ያለችግር ቢሰጥም ማፋሰሻ ከሌለ ነጥቡ ከዓመት ዓመት ሊወጣ ይችላል፤ 17 ሲደርስ የጥጡም ምርት በግማሽ ያህል ይወርዳል። ጂፕሰም ይጨመርበታል የሚል ምክርም ይሰማል። ጂፕሰም የሚረዳው ሶዲየም በዝቶበት አፈሩ ውሃ አላስገባ ላለው መሬት ነው፤ ለተራ ጨዋማነት መድኃኒቱ ተጨማሪ ውሃና የሚወርድበት ማፋሰሻ ነው።

ለረጅም ዓመት ውል የሚፈርም ሰው እንግዲህ የአፈር ምርመራ ውጤት ቢጠይቅ አይከፋም። ናሙናው ከላይ ብቻ ሳይሆን ከ30፣ ከ60 እና ከ90 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት፣ ከማሳውም ከተለያየ ቦታ መወሰድ አለበት። የመስኖ ውሃው ራሱና የከርሰ ምድር ውሃው ጥልቀትም እንዲሁ። ናሙናው ማሳው በተጠጣ ማግሥት ከተወሰደ ከላይ ያለው ጨው ወደ ታች ስለሚወርድ ውጤቱ ያማረ መስሎ ይታያል፤ አከራዩ ቀኑን ከመረጠ ተከራዩ ቢያንስ መቼ እንደተጠጣ ይጠይቅ። ማሳው ላይ ነጭ ሽፋን ከታየ፣ ወይም ቡቃያው በየቦታው ራሰ በራ ከሆነ፣ ዋጋው ላይ ለመደራደር ምርመራውንም መጠበቅ አያስፈልግም።