«ለአንተ ስል ነው»፦ የአስቤዛ ተረቶችና የኪሎው እውነታ

አዳማ ላይ አስቤዛ ርካሽ መሆን አለበት ብሎ የማያምን ሰው ጥቂት ነው። ምክንያቱም በዓይን ይታያል። በሞጆ ታጥፎ ወደ መቂና ባቱ የሚወርድ መንገደኛ ግራና ቀኙን በመስኖ የለማ ሽንኩርትና ቲማቲም ያያል። ጤፉ ከአዳአና ከምንጃር ይመጣል፣ ዓሣው ከዝዋይና ከቆቃ። የወንጂ ስኳር ፋብሪካ ከ1946 ዓ.ም. ጀምሮ አፍንጫ ሥር ነው። እንዲህ ባለ አገር መሃል ተቀምጦ ዘንቢል በባዶ መመለስ የሚያናድድ ነገር ነው።

ሆኖም ከማሳ አጠገብ መኖር ብቻውን ዋጋ አያረክስም። አዳማ ወደ አዲስ አበባ፣ ወደ ጅቡቲ፣ ወደ ሐረርና ወደ አርሲ የሚወስዱ መንገዶች የሚገናኙባት ከተማ ናት። የአዲስ–አዳማ ፈጣን መንገድ ከተከፈተ ወዲህ ደግሞ ጠዋት የተጫነ ቲማቲም ከሰዓት ሳይደርስ መዲናዋ ይራገፋል። ስለዚህ የአዳማ ሸማች ለመቂ ሽንኩርት የሚጫረተው ከጎረቤቱ ጋር ብቻ ሳይሆን ከአዲስ አበባ ጅምላ ነጋዴ ጋርም ነው። ስኳሩም ቢሆን ለብዙ ዓመታት በመንግሥት ኮታ በሸማቾች ማኅበራት በኩል ሲከፋፈል ስለኖረ፣ የፋብሪካው ጭስ ለሚታየው ሰፈር የተለየ ዋጋ አልነበረውም።

ይህን ዋጋ ሸማቹ ብቻውን አይለውጠውም። የሚችለው የገዛውን ነገር በትክክል ማወቅ ነው። በጉሊት፣ በሱቅና በሱፐርማርኬት ያሉት የመሸጫ ዘዴዎች መልካቸው ይለያይ እንጂ አብዛኞቹ የሚሠሩት በአንድ መንገድ ነው፤ ገዢው አንዱን ኪሎ ወይም አንዱን ሊትር በስንት እንደገዛ ሳያሰላ እንዲሄድ ያደርጋሉ።

«ከመንገድ ዳር በጆንያ መግዛት ሁልጊዜ ያዋጣል» የሚለውን እምነት እንውሰድ። በመጀመሪያ፣ መንገድ ዳር የሚሸጠው ሁሉ አምራች ገበሬ አይደለም፤ ብዙው ቸርቻሪ ነው። ሁለተኛ፣ ጆንያ መለኪያ አይደለም፤ አንዱ ከሌላው በብዙ ኪሎ ይለያያል። ሦስተኛውና ዋናው ብልሽቱ ነው። አንገቱ በደንብ ሳይደርቅ የተሰበሰበ ሽንኩርት ውሃ ስለሚይዝ ሲመዘን ይከብዳል፣ ቤት ሲገባ ግን ይበቅላል ወይም ይበሰብሳል። ከአንድ ጆንያ አንድ አምስተኛው ከተጣለ፣ የቀረው ኪሎ ከተገዛበት ዋጋ በ25 በመቶ ተወዷል ማለት ነው። ጆንያ የሚያዋጣው ተመዝኖ፣ ልጣጩ ሲነካ የሚንኮሻኮሽና አንገቱ የደረቀ ሆኖ፣ ለሁለት ወይም ለሦስት ቤት ሲካፈል ነው።

ጉሊት ላይ ያለው መደብ ደግሞ ሌላ ታሪክ አለው። «መደቡ ያው ነው፣ ዋጋው አልጨመረም» ሲባል ይሰማል። ቲማቲም ሲወደድ ብዙ ጊዜ የሚቀየረው የመደቡ ዋጋ ሳይሆን የመደቡ ፍሬ ነው፤ ስድስት የነበረው አምስት ይሆናል፣ ትልልቁ ከፊት ተደርድሮ ትንንሹ ከኋላ ይገባል። በዓለም ላይ ያሉ ትልልቅ ኩባንያዎች ዋጋውን ሳይነኩ የብስኩትና የሳሙና ማሸጊያን ግራም የሚቀንሱት በዚሁ ስሌት ነው። በጣሳ የሚሸጥ እህልም እንዲሁ ነው፤ ታቹ ወደ ውስጥ የተደበደበ ጣሳ ሲሞላ ሙሉ ይመስላል፣ የሚይዘው ግን ያንሳል። ይህ ሁሉ የጉሊት ነጋዴዎችን ለመክሰስ አይደለም። አብዛኞቹ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ ተቀምጠው በትንሽ ትርፍ ቤተሰብ የሚያስተዳድሩ እናቶች ናቸው፤ ጅምላው ሲጨምርባቸው ዋጋ ጠርተው ደንበኛ ከማስደንገጥ ፍሬ መቀነስ ይቀላቸዋል። ገዢው ግን ፍሬውን ሊቆጥር ይገባዋል።

ምርቃትንም በዚሁ ዓይን ማየት ነው። ሁለት ኪሎ ቲማቲም በኪሎ 5 ብር አስወድዶ አንድ ፍሬ የመረቀ ሻጭ አልከሰረም። «ለአንተ ስል ነው» የሚለው ቃል የሚያስደስት ቢሆንም ሦስት ቦታ ዋጋ መጠየቅን አይተካም። ደንበኝነት እውነተኛ ጥቅም የሚሰጠው ሌላ ቦታ ነው፤ የተበላሸውን ሳይከራከር የሚቀይር ሻጭ ማግኘት ዋጋ አለው።

ወደ ሱፐርማርኬት ሲገባ ሻጩ ዝም ይላል፣ መደርደሪያው ይናገራል። እስከ 1916 እ.ኤ.አ. ድረስ አሜሪካኖችም እንደኛ ሱቅ ባንኮኒ ፊት ቆመው «ይህን ስጠኝ» ይሉ ነበር። በዚያ ዓመት ክላረንስ ሳንደርስ የተባለ ነጋዴ በሜምፊስ ከተማ ፒግሊ ዊግሊ በሚባለው መደብሩ ሰው ራሱ እንዲያነሣ አደረገ። ከዚያ ወዲህ ውዱ ዕቃ በዓይን ትይዩ፣ ከረሜላው በሕፃን እጅ ከፍታና ከሒሳብ መክፈያው አጠገብ ተቀመጠ። «199 ብር ማንንም አያታልልም» የሚሉ አሉ፤ በ9 የሚያልቅ ዋጋ ግን ገዢን ይስባል። ተመራማሪዎቹ ኤሪክ አንደርሰንና ደንከን ሲሜስተር በ2003 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት አንድን ልብስ በ34፣ በ39 እና በ44 ዶላር አቅርበው ነበር፤ ብዙ የተሸጠው በ39ኙ ነው፣ ከ34ቱ እንኳ በልጦ።

«ዋጋው ያነሰው እሽግ ይረክሳል» የሚለውም ይፈተን። እንበልና 500 ግራም ፓስታ 55 ብር፣ በመጠኑ የሚቀራረበው 400 ግራም ደግሞ 48 ብር ነው። ዓይን 48ቱን ይመርጣል፤ ሒሳቡ ግን በኪሎ 110 እና 120 ብር ነው።

ዘይት ላይ ልዩነቱ የበለጠ ያስከፍላል። ብዙ ሰው ሊትርና ኪሎን አንድ አድርጎ ያያቸዋል። የምግብ ዘይት ከውሃ ስለሚቀል አንድ ሊትሩ 920 ግራም ገደማ ነው የሚመዝነው። ስለዚህ «5 ሊትር» የሚል ጀሪካን 4.6 ኪሎ ያህል ሲይዝ፣ «5 ኪሎ» የሚለው ወደ 5.4 ሊትር ይጠጋል። ሁለቱ ጀሪካኖች በአንድ ዋጋ ከተሰለፉ ሁለተኛው የዘጠኝ በመቶ ያህል ብልጫ አለው። «ከኮሌስትሮል ነፃ» ተብሎ በትልቁ የሚጻፈውም ተጨማሪ ዋጋ ሊከፈልበት አይገባም። ኮሌስትሮል የሚገኘው ከእንስሳት በሚገኝ ምግብ ውስጥ ስለሆነ የአትክልት ዘይት ሁሉ፣ የሚረጋው የፓልም ዘይት ሳይቀር፣ ከኮሌስትሮል ነፃ ነው ሊባል ይችላል። ፓልም ግን ግማሽ ያህሉ የሚረጋ ስብ ነው፤ ጽሑፉ ይህን አይናገርም።

ከተረቶቹ ሁሉ የሚያሳዝነው «ሱቅ ለድሃ ይቀላል» የሚለው ነው። ቡና በሲኒ፣ ዘይት በትንሽ ጠርሙስ፣ ስኳር በላስቲክ ተቋጥሮ ሲገዛ የሚወጣው ብር ትንሽ ስለሆነ የረከሰ ይመስላል። በኪሎ ሲሰላ ግን ከሁሉም ውዱ ነው፤ ዱቤ ሲጨመርበት ደግሞ ይብሳል። በቀን ሥራ የሚኖር ሰው ስንፍና ይዞት አይደለም በጥቂት የሚገዛው፤ ለአንድ ጊዜ የሚያወጣው ብር ስለሌለው ነው። መፍትሔው በእጃችን ያለ ነው፦ ዕቁብ የሚጥሉ ጎረቤቶች በዚያው ገንዘብ አንድ ኩንታል ጤፍ ወይም አንድ ካርቶን ዘይት ገዝተው መካፈል ይችላሉ። የሸማቾች ማኅበራትና የእሑድ ገበያም ለዚህ ይረዳሉ፣ ምንም እንኳ እዚያ ያለው ሁሉ ርካሽ ባይሆንም።

የጤፍ ነገር በቀለም የተያዘ ነው። ማኛ ከሰርገኛና ከቀይ የሚወደደው በምግብነቱ ስለሚበልጥ አይደለም፤ በፕሮቲንም በኃይል ሰጪነትም ይቀራረባሉ። የሚከፈለው ለንጣቱ ነው። የገበያው ፍላጎት ጠንካራ ከመሆኑ የተነሣ የደብረ ዘይት ግብርና ምርምር ማዕከል በ1998 ዓ.ም. የለቀቀው ቁንጮ የተሰኘ ዝርያ የተገኘው ምርታማውን ከነጩ በማዳቀል ነው። ለእንግዳ ነጭ እንጀራ ማቅረብ የሚፈልግ ይግዛ፤ ለዕለት ጉርስ ግን ሰርገኛ ምንም አይጎድለውም።

ባቱ ላይ ደግሞ ዓሣ ሻጭ ያለ አግባብ ይታማል። «ፊሌቶ ዘረፋ ነው» ይባላል። አንድ ኪሎ የቆሮሶ ፊሌቶ ለማውጣት ሦስት ኪሎ ገደማ ሙሉ ዓሣ ያስፈልጋል። ስለዚህ ፊሌቶው ከሙሉው ዓሣ የኪሎ ዋጋ እስከ ሦስት እጥፍ ቢጠየቅበት ውድ አይደለም። ጭንቅላቱንና አጥንቱን ለሾርባ የሚጠቀም ቤት ብቻ ሙሉውን ቢገዛ ያተርፋል።

በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ነጋዴ ዋጋውን በግልጽ በሚታይ ቦታ እንዲለጥፍ ወይም በዕቃው ላይ እንዲያሳይ፣ ለሸጠው ደረሰኝ እንዲሰጥ ያዛል። «ኪሎው ስንት ነው?» ብሎ መጠየቅ ንፉግነት አይደለም፤ መብት ነው። ዋጋ የማይለጥፍ ወይም ሚዛን የሚያዛባ ነጋዴ ሲያጋጥም አቤት የሚባለው በየከተማው ንግድ ጽሕፈት ቤት ነው።